አቦል፣ ቶና፣ ሰማንያ ፐርሰንት

በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም «እንዴት አደርክ?» መባባል እየቀረ ነው። ኤሌክትሪክ መኪና ያለው ሰው ጠዋት ጎረቤቱን ሲያገኝ የሚጠይቀው «ስንት ላይ አደርክ?» ብሎ ነው። ደመወዙን ስለጠየቁት ለአንድ ሳምንት ፊቱን ያጠቆረው የታች ቤቱ ጎረቤቴ እንኳ ለዚህኛው ጥያቄ ሳያፍር ይመልሳል፤ «አርባ ሁለት ፐርሰንት። እግዚአብሔር ይመስገን።»

እኔም ከእነሱው ወገን ነኝ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ሲከለከል አንድ ደላላ ያዘኝና «ተገጣጥማ ለምትመጣ ኤሌክትሪክ የጉምሩክ ቀረጧ 15 በመቶ ብቻ ነው፤ ደግሞ አንዴ ከሞላች 400 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች» አለኝ። 400ው የት እንደተለካ አልጠየቅኩም። በኋላ እንደገባኝ የተለካው ቻይና፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ መኪናዋ ሳትንቀሳቀስ ጎማዋ ብቻ እየዞረ ነው። የቃሊቲ መጨናነቅ በሒሳቡ ውስጥ የለም። ዳገት የለም። ሦስት ሽማግሌም የሉም። ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ፤ ቆዩኝ።

ቤቴ አራተኛ ፎቅ ነው። ኮንዶሚኒየሙ ሲሠራ መኪና ከሶኬት ይጠባል ብሎ ያሰበ መሐንዲስ ስላልነበረ፣ ማታ ማታ በወጥ ቤቱ መስኮት ኤክስቴንሽን አወርዳለሁ። ገመዱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሰው አበባ እየነካካ ያልፋል፤ ሁለተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ ደግሞ ነጠላ ያሰጡበታል። አንድ ማታ ዝናብ ሲያካፋ ነጠላቸውን አንስተው፣ ደግነታቸው ነውና ወርደው ገመዱንም ነቅለው አጣጥፈው አስቀመጡልኝ። «እንዳይበሰብስብህ ብዬ ነው ልጄ» አሉኝ። ምን ይባላል? አመስግኜ በ12 ፐርሰንት ሥራ ሄድኩ።

ከሶኬት የሚገኘው ኃይል ያው የታወቀ ነው፤ 10 አምፔር በ220 ቮልት ሲባዛ 2.2 ኪሎዋት። የኔ መኪና ባትሪ 50 ኪሎዋት ሰዓት ስለሚይዝ ሌሊቱን ሙሉ ብትጠባ ግማሽ አትደርስም። እሱም ቢሆን ምጣድ ካልተጣደ ነው። ምጣዱንና መኪናዋን አንድ ላይ የሞከርን ዕለት፣ ግማሹ እንደተጠቀለለ የተውኩት ኤክስቴንሽን እንደ ምድጃ ግሎ ፕላስቲኩ ሸተተ፤ ሽታው እንጀራው ላይ ቀረ። ባለቤቴ ሳምንቱን ሙሉ ቁርስ ባቀረበች ቁጥር «ብላ እንጂ፣ የመኪናህ ነው» ትለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ገመዱን እስከ ጫፉ ዘርግቼ ነው የምሰካው። የቤታችንም ሕግ ጸደቀ፤ ቅዳሜ ማታ የእንጀራ ነው።

ታዲያ ታናሽ ወንድሜ አዳማ የምትኖር ልጅ ወዶ፣ ሽማግሌ የሚላከው እሁድ ሆነ። ሾፌሩ እኔ ነኝ። ቅዳሜ ማታ እንጀራው ያለቀው በአራት ሰዓት ነው፤ ሮጬ ሰካሁ። በስድስት ሰዓት መብራት ሄደ። እሁድ ጠዋት 31።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው፤ ዋናው የዕድራችን ዳኛ፣ ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ የሚላቸው። ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው ፊት ተቀመጡና «ምነው ድምፅ የለውም? ተነሥቷል?» አሉ።

«ተነሥቷል ጋሼ።»

«እኛ ሳንሰማ?»

31 ይዤ የፍጥነት መንገዱ ላይ ብወጣ ልደርስም ላልደርስም እችላለሁ። በላብ ከመድረስ ብዬ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ወዳለ ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያ ጎራ አልኩ። ማሽኑ አንድ፣ ገመዱ ሁለት፣ ከፊታችን አራት መኪና። እኛ አገር ሁለት ሰው የቆመበት ቦታ ሁሉ ወዲያው ተራ አስከባሪ ያበቅላል፤ እዚህም ማንም ያልሾመው ልጅ የሰሌዳ ቁጥር በእስኪርቢቶ መዳፉ ላይ ይመዘግባል። ቆሎ አለ፣ ሶፍት አለ፣ የስልክ መሸፈኛ አለ። ከሁሉ በላይ ግን ጃንጥላ ሥር ጀበና የጣደች ሴት አለች፤ ቦታውን የምታስተዳድረውም እሷ ናት።

«ስንት ላይ ናችሁ?» አለችን።

«ሰላሳ አንድ።»

«አቦሉን ስትጨርሱ ሃምሳ ትገባላችሁ። ቶና ላይ ስድሳ አምስት። በረካ ሰማንያ። ከበረካ በኋላ እኔም ረከቦቴን አነሳለሁ፣ እናንተም ትነቅላላችሁ።»

እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፤ የዚህችን ሴት ያህል ነገሩን ያስረዳኝ መሐንዲስም አላጋጠመኝም። ባትሪ እስከ 80 በፍጥነት ይጠጣል፤ ከዚያ ወዲያ ራሱን ከጉዳት ለመጠበቅ እየቆጠበ ነው የሚቀበለው። ሚኒባስ እንደመሙላት ነው። የመጀመሪያዎቹ አሥር ሰዎች ተጋፍተው በአንድ ደቂቃ ይገባሉ፤ ከዚያ ረዳቱ «ሁለት ሰው! ሁለት ሰው ብቻ!» እያለ ግማሽ ሰዓት ያቆምሃል። ከ80 እስከ 100 ያለው ነገር በሙሉ የዚያ ረዳት ጩኸት ነው።

ይህን የማይቀበል ሰው ግን በየጣቢያው አንድ አይጠፋም። የዚያን ዕለቱ ነጭ መኪና ውስጥ፣ ወንበሩን አስተኝቶ፣ የጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ ተኝቷል። የማሽኑ ስክሪን 91 ይላል። ተራ አስከባሪው መስኮቱን አንኳኳ።

«ወንድም፣ ሰው እየጠበቀ ነው።»

«አልሞላም እኮ።»

«የት ልትሄድ ነው?»

«ቃሊቲ።»

ሰልፉ በአንድ አፍ ጮኸ። እሱ መስኮቱን ዘጋ። ይህ ሰው ነዳጅ ማደያ ሄዶ ቢሆን ኖሮ ቤንዚኑ ከጋኑ ጫፍ ካልፈሰሰ አምኖ አይወጣም ነበር። ክፋቱ ለራሱ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም፤ እንዲህ ያለው ማሽን ኃይሉን ለሁለቱ ገመዶች ስለሚያካፍል፣ አንዱ ከተሰካ ሌላው ይቀንስበታል። ከቻርጅ ይልቅ ውርስ ይመስላል፤ ወንድም በመጣ ቁጥር ድርሻህ ያንሳል።

መሐል ላይ ደግሞ ከአውሮፓ የመጣ መኪና የያዘ፣ ሱፍ የለበሰ ሰው ደርሶ ገመዱን አገላብጦ አየና አንገቱን ደፋ። የማሽኑ መሰኪያ የቻይናው ጂቢ/ቲ ነው፣ የሱ መኪና ደግሞ የአውሮፓው ሲሲኤስ 2። አፋቸው አይገጥምም። አዳፕተር ያለው ካለ ብሎ መኪና ለመኪና እየዞረ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሲለምን ላየው፣ የዚያን መኪና ዋጋ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ሆዱ ይባባል። ጋሼ ቆሎ ሰጡት።

ተራችን ደረሰ። ሰካሁ። የክፍያው አፕሊኬሽን ሦስት ጊዜ ተሽከርክሮ፣ አንድ ጊዜ ኔትወርክ የለም ብሎ፣ በአራተኛው ተቀበለን። ጋሼ ተጠግተው ገመዱን ዳሰሱት፤ ሞቅ ብሏል፣ ወፈር ብሎ እንደ ዘንዶ ተጋድሟል። ጋሼ ግድቡ በ2003 ሲጀመር የአንድ ወር ደመወዛቸውን ለቦንድ ያዋጡ ሰው ናቸው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ደግሞ 5,150 ሜጋዋት የምትለዋን ቁጥር እንደ ዳዊት ቃል በቃል ይዘዋታል።

«ይቺ ከጉባ ነው የመጣችው?»

«ሳትሆን አትቀርም ጋሼ።»

«እንግዲያው የኔ ድርሻ አለባት። ስለምን ትከፍላለህ?»

ልመልስ ስል ቶና ተቀዳ። ሲኒውን አንስቼ አንዴ ፉት እንዳልኩ የማሽኑ ማራገቢያ እየደከመ እየደከመ ሄዶ ዝም አለ። ስክሪኑ ጠቆረ። አካባቢው መብራት ሄዷል። 47 ላይ ነን።

ማንም አልተናገረም። ባለጀበናዋ ብቻ፣ ከሰሏን እያራገበች፣ «የኔ አይጠፋም» አለች።

ጋሼ የኪስ ሰዓታቸውን አወጡ። የሰው ቤት ቀጠሮ አለብን። «ተነሥ ልጄ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ቀጠሮ ለሌለው ነው።» ተነሣን።

መንገዱን ብዙ አላወራውም፤ ቁልቁለት ነውና። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አዳማ ወደ 1,700 ትጠጋለች፤ ስትወርድ ፍሬኑ ራሱ ጥቂት ጥቂት ይመልስልሃል። ጋሼ ቁጥሩ ከ38 ወደ 39 ሲወጣ አይተው አማተቡ። ያ 600 ሜትር ግን ብድር ነው። ሁለት ቶን ይዘህ ስትመለስበት ከ6 ፐርሰንት በላይ ይጠይቅሃል፤ ያውም ለዳገቱ ብቻ። ይህን በልቤ እያሰላሁ በ70 ስነዳ፣ ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ ጥሩምባውን እየነፋ አለፈን። ከኋላ ያሉት ሽማግሌ «ለለቅሶ ነው እንዴ የምንሄደው?» አሉ።

አዳማ ስንደርስ 22። ቻርጅ ልፈልግ ብል ጋሼ «ሽማግሌ አራግፎ የሚጠፋ ሾፌር ያስጠረጥራል» ብለው ከለከሉኝ። እንደ ወጉ በር ላይ ቆምን። «ግቡ፣ ተቀመጡ» ተባልን፤ «የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ ጋሼ። ልጃችሁን ለልጃችን አሉ፣ ዘር ተቆጠረ፣ ሙያ ተነገረ። ሁሉ ነገር አምሮ ሊያልቅ ሲል እኔ ከኋላ እጄን አወጣሁ።

«አንድ ልመና ደግሞ ነበረችን።»

የልጅቷ አባት ፊታቸው ተለወጠ። ጥሎሽ የመሰላቸው ይመስለኛል።

«ሶኬት ነው።»

ልጅቷን በተመለከተ ከዘመድ ጋር መማከር ስላለባቸው የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ሰጡን። ሶኬቱን እዚያው ፈቀዱ። ሽማግሌ እሺታ ሳያገኝ እህል አይቀምስም ብለው የመጡት ጋሼ፣ በ2.2 ኪሎዋት ከአራት ሰዓት በላይ ሲቆዩ ምሳም በሉ፣ መክሰስም በሉ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ቡና ሲፈላ ጫማቸውን አወለቁ። የልጅቷ አባት በየግማሽ ሰዓቱ ወጣ እያሉ የካርድ ቆጣሪያቸውን ያያሉ፤ ሲመለሱ ለእኔ ያላቸው ፈገግታ በየዙሩ ትንሽ እየሳሳ ይመጣል።

ማታ 38 ሲሆን ተነሣን። አባትየው ኤክስቴንሽኑን ራሳቸው ጠቅልለው በር ድረስ ሸኙንና ለጋሼ እጅ እየነሱ፣

«በቀጠሮው ቀን ሞልታችሁ ኑ» አሉ።

እስከ ዱከም ድረስ ሦስቱ ሽማግሌዎች ይህን ቃል ተከራከሩበት። አንደኛው «ሦስት ሆነን ሄደን አነስንባቸው፤ አምስት ሆናችሁ ኑ ማለታቸው ነው» አሉ። ሌላኛው «የለም፣ ስለ መኪናዋ ነው» አሉ። ጋሼ ዝም ብለዋል። እኔ ማቀዝቀዣውንም ሬዲዮኑንም አጥፍቼ ዓይኔን ከቁጥሩ ላይ አላነሳሁም።

ቱሉ ዲምቱ የገባነው በ9 ፐርሰንት ነው። መብራት ተመልሷል። ባለጀበናዋ ሄዳለች፣ ተራ አስከባሪውም የለም። ሄዶ ተመልሶ ይሁን እዚያው ውሎ እንጃ፣ ነጩ መኪና ግን ተሰክቶ ቆሟል፤ ሰውየው ወንበሩን አስተኝቶ ተኝቷል። ስክሪኑ 99 ይላል።

ጋሼ መስኮቱን አውርደው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ለቀጠሮው ይሄንን ሰውዬ ብንይዘውስ?»