የዙሉ ማሰሮ ጥቁረቱ ከቀለም አይደለም

ወንድሜ ስለ ደቡብ አፍሪካዎቹ የዙሉ ሕዝቦች "ማሰሮውን ጥቁር ቀለም ይቀቡታል፣ ለቱሪስት ጌጥ ነው" ላልከው፣ ብዙ ሰው እንደዛ ይመስለዋል ግን ልክ አይደለም። ጥቁረቱ የጭስ ነው። ሴቶቹ (ስራው በባህሉ የነሱ ነው) ያለ ማሽን ጭቃውን እየጠቀለሉ እየደራረቡ ያቆሙታል፣ ሲደርቅ በጠጠር እያሹ ያለሰልሱታል፣ ከዛ ሜዳ ላይ በእሳት ይተኮሳል፣ ቀይ ቡኒ ነገር ሆኖ ይወጣና እንደገና በደረቅ ሳር ወይ በኩበት ጭስ ታፍኖ ይጠቁራል፣ መጨረሻ ላይ ስብ ይታሻል በቃ።

ደሞ ሁሉም ጥቁር አይደለም እኮ! መጥመቂያው ኢምቢዛ፣ እንደኛ ጋን ትልቁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሳይጠቁር ሻካራ እንደሆነ ነው የሚቀረው። የሚጠቁረው ኡካምባ ነው፣ የማሽላ ጠላቸው የሚቀርብበት፣ ሰው ተቀምጦ እየተቀባበለ የሚጠጣበት። ኡፒሶ የሚሉት ደግሞ አንገት አለው፣ ጠላ ተሸክመው ሲሄዱ እንዳይፈስ።

ጌጥ ነው ላልከው፣ ጥቁረቱን ከሞቱት አያቶቻቸው መንፈስ ጋር ነው የሚያያይዙት፣ ለአያቶቹ የሚሆነው ጠላም ጎጆው ውስጥ ከበሩ ትይዩ በስተኋላ ኡምሳሞ የሚባል ቦታ አለ እዛ ይቀመጣል፣ ይሄ ለቱሪስት የሚደረግ ነገር አይደለም።

የሽያጭ ገበያ የለም አላልኩም፣ የዙሉዋ ሸክላ ሰሪ የኔስታ ናላ ስራዎች ሙዚየም ድረስ ገብተዋል። እንዲያብለጨልጭ ብለው በስብ ፋንታ የጫማ ቀለም የሚያሹም አሉ፣ ምናልባት አንተ ያየኸው ያንን ይሆናል።