ሊያነግሡት ሲመጡ ለምን ፈቀቅ አለ?

በሆሣዕና ዕለት ዘንባባውን በጣታችን ቀለበት፣ በግንባራችን አክሊል አድርገን እናስራለን። «ሆሣዕና» ግን በመነሻው እልልታ ሳይሆን ልመና ነው፤ በዕብራይስጥ «እባክህ አድነን» እንደ ማለት ነው። ኢየሱስን «ሆሣዕና» እያለ የተቀበለው የኢየሩሳሌም ሕዝብ ከምን መዳን እንደሚፈልግ ያውቅ ነበር። ሮማውያን ከተማይቱን ከያዙ 90 ዓመት ገደማ ሆኗቸው ነበርና፣ ከዳዊት ዘር የሚነሣ መሲሕ፣ ማለትም የተቀባ ንጉሥ፣ ቀንበሩን ይሰብርልናል ብለው ተስፋ ማድረጋቸው አያስወቅሳቸውም።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 የተጻፈው ነው። ኢየሱስ በአምስት እንጀራና በሁለት ዓሣ አምስት ሺህ ያህል ወንዶችን ካጠገበ በኋላ፣ ሕዝቡ በግድ ሊያነግሡት መሆናቸውን ዐውቆ ብቻውን ወደ ተራራ ፈቀቅ አለ። በማግስቱ ባሕሩን ተሻግረው ሲያገኙት፣ የፈለጉት ምልክት ስላዩ ሳይሆን በልተው ስለጠገቡ መሆኑን ፊት ለፊት ነገራቸው። እንጀራን ንቆ አይደለም፤ የሚንቀው ቢሆን ኖሮ መጀመሪያውኑ ባላበላቸው ነበር። ያልተቀበለው በእነርሱ ልክ የተሰፋውን ንግሥና ነው። ሥጋውን ለዓለም ሕይወት እንደሚሰጥ ሲነግራቸው ደግሞ ከደቀ መዛሙርቱ ሳይቀር ብዙዎቹ ትተውት ሄዱ።

ጴጥሮስ አልሄደም፤ ነገሩ ግን ለእርሱም ቀላል አልነበረም። በፊልጶስ ቂሣርያ «አንተ ክርስቶስ ነህ» ብሎ ከመሰከረ በኋላ፣ ክርስቶስ መከራ ተቀብሎ እንደሚገደል ሲሰማ ጌታውን ለብቻው ወስዶ ይገሥጸው ጀመር። ማንነቱን ዐውቋል፤ የመጣበትን ምክንያት ግን ገና አልተረዳም ነበር። ማርቆስ ምክንያቱን በምዕራፍ 10 ግልጽ አድርጎ ጽፎታል፦ የሰው ልጅ የመጣው ሊያገለግልና ነፍሱን ለብዙዎች ቤዛ አድርጎ ሊሰጥ ነው።

ዛሬ በቴሌቪዥን መስኮት ቪዛና መኪና «በኢየሱስ ስም» ሲታደል ስመለከት፣ በማግስቱ ባሕር የተሻገረው ሕዝብ ትዝ ይለኛል። የታመመ ፈውስ፣ የተራበ እንጀራ ቢለምን ተገቢ ነው፤ አምላክም ይህን አይጠየፍም። ስብከቱ በዚያው ሲያበቃ ግን መስቀሉ ያለ ሥራ ይቀራል፤ ቪዛ ለማደል መሰቀል አያስፈልግምና።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በሰሙነ ሕማማት ጸሎተ ፍትሐት ስለማታደርስ፣ በዚያው በሆሣዕና ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ለምእመናኑ ሁሉ ታደርሳለች። ንጉሡን ሊቀበል የወጣው ሕዝብ፣ ዘንባባውን ከግንባሩ ሳይፈታ፣ ለሙታን የሚደርሰው ጸሎት ሲደርስለት ቆሞ ይሰማል።