በዓሉ በቀኑ ይከበር ወይስ ቅዳሜ?

ሰሞኑን አራት ሆነን ቡና ላይ ተቀምጠን በአንድ ጥያቄ ሁለት ሰዓት ተከራከርን። አራታችንም ከየአገራችን ርቀን የምንኖር ነን። ጥያቄው በዓል የሥራ ቀን ላይ ሲውል በቀኑ ይከበር ወይስ ወደ ቅዳሜ ይዛወር የሚል ነበር።

ያነሳችው ነርሷ ናት። የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች። «እኔ በዓል የማከብረው ፈረቃዬ ሲፈቅድልኝ ነው» አለች። «አምና ስምንት ቀን ዘግይተን አከበርን። ቤቱ ደመቀ፣ እንግዳ መጣ፣ ልጆቹ ተደሰቱ። ምን ጎደለ?»

መምህሩ አልተዋጠለትም። «የሚዛወር ከሆነማ ግብዣ ነው እንጂ በዓል አይደለም» አላት። እሱ በዓሉ በዋለበት ቀን ልጆቹን ከትምህርት ቤት ያስቀራል። ቀደም ብሎ ደብዳቤ ይጽፋል። «የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት ከወጣ ስንት ዘመኑ! እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። አንቀጽ 30 የአናሳ ማኅበረሰብ ልጆች ባህላቸውን፣ ሃይማኖታቸውንና ቋንቋቸውን የመያዝ መብት አላቸው ይላል። ታዲያ ፈቃድ ስጠይቅ ለምን እሸማቀቃለሁ?»

«መብቱስ ይሁን» አለች ነርሷ። «የእኔ በዓል ግን ጨረቃ ታይታ ነው የሚታወቀው። ወሩ 29 ይሁን 30 የሚለየው በዋዜማው ማታ ነው። አለቃዬን ‹ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ፈቃድ ስጠኝ› ልበለው? የፈረቃው ሰሌዳ እኮ የሚወጣው ከወር በፊት ነው።»

እዚህ ላይ መምህሩ ዝም አለ። እኔም ያን ያህል አስቤው አላውቅም ነበር። የጨረቃ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ፣ በእሱ የሚቆጠር በዓል በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ይመጣል። በጁልየስ አቆጣጠር የሚሄዱ አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ በዚህ ዘመን ከጎርጎርዮሱ 13 ቀን ወደ ኋላ ናቸው። የመሥሪያ ቤቱ ሰሌዳ ሁለቱንም አያውቃቸውም። ስደተኛ ወላጅ በየዓመቱ «በዓላችሁ መቼ ነው?» ለሚለው ጥያቄ እንደ አዲስ ማስረዳት አለበት። ይህ ያደክማል። ነርሷን ሰነፍ ናት የሚል ካለ አልሰማውም።

እስካሁን ዝም ብለው ያዳምጡ የነበሩት፣ በዕድሜ የሚበልጡን እናት ናቸው። የልጅ ልጆቻቸውን ሊጠብቁ የመጡ ናቸው። «እናንተ ስለ ፈቃድ ነው የምታወሩት» አሉ። «አገር ቤት ያለው ዘመድ የሚደውለው በቀኑ ነው። ሁሉም አንድ ቤት ተሰብስቦ፣ ስልኩን እየተቀባበለ። ቅዳሜ ብትደውሉ ቤቱ ባዶ ነው። ሁሉም ወደየሥራው ተበትኗል። እንኳን አደረሳችሁ የምትሉት ለማን ነው?»

«እማማ፣ እኔ በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ነኝ» አለች ነርሷ ቀስ ብላ።

«አውቃለሁ ልጄ። ቤት ያሉት ልጆችሽ ግን ስልክ ማንሳት ይችላሉ።»

ክርክሩ እዚያ ላይ አላበቃም፤ እኔ ግን ልቤ ያኔ ወሰነ። ምክንያቱም የእሳቸው ነገር በቤቴ ደርሷል። አምና በዓሉን ወደ ቅዳሜ አዛወርነው። በቀኑ እናቴ ስትደውል ሥራ ላይ ስለነበርኩ ልጄ አነሳች። «እንኳን አደረሰሽ» ስትላት፣ «አያቴ፣ በዓሉ እኮ ቅዳሜ ነው» አለቻት። እናቴ ሳቀችና ወሬ ቀየረች። ይህን ማታ ላይ ልጄ ስትነግረኝ እንቅልፍ ነሳኝ። ልጄ አልዋሸችም። እኔ ያስተማርኳትን ነው የተናገረችው።

እ.ኤ.አ. በ2002 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ስለ ቤተሰብ ልማድ በ50 ዓመት ውስጥ የተጠናውን ገምግመው ነበር። የዘወትር ተግባርንና ሥርዓትን ለይተው ያዩዋቸዋል። የዘወትሩ «መደረግ ያለበት ይህ ነው» ይላል፤ ሥርዓት ደግሞ «እኛ ማለት ይህ ነን» ይላል። ለእኔ በዓል ሁለተኛው ነው። ስለዚህ ቀኑን አልለቅም። ድግሱ ቅዳሜ ይሁን፣ እንግዳውም ቅዳሜ ይምጣ። ለድግስ ጊዜና ጉልበት ያስፈልጋል፤ የሥራ ቀን አይችለውም። ቀኑ ግን ግማሽ ሰዓትም ቢሆን የራሱ ነገር ይኑረው። መምህሩ ልጆቹን የሚያስቀርበት ድፍረት ያስቀናኛል፤ ፈተና ያለበት ልጅ ላለው ወላጅ ግን እንዲያ አድርግ ለማለት አልደፍርም። ነርሷም ብትሆን ከሌሊት ፈረቃ ስትመለስ ልጆቿ ገና አልወጡም። ያቺ ግማሽ ሰዓት አለቻት።

ዘንድሮ በዓሉ ማክሰኞ ይውላል። ልጆቹን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ልቀሰቅሳቸው አስቤያለሁ። የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ ቪዲዮ ኮሉን አያታቸው ሳትደውል እነሱ ይደውላሉ። ከዚያ ቦርሳቸውን ይዘው ወደ ትምህርት ቤት። ልጄ ከአሁኑ ምን ብላ እንደምትጀምር እየተለማመደች ነው።