ሹመት ያዳብር፤ ደመወዙ ባለበት

የአዲስ አበባ የሱፐርማርኬት ባለቤቶችን ብናመሰግን ሲያንሳቸው ነው። ዘይትም ጤፍም ከሰው እጅ በራቀበት ጊዜ እንደ ልብ የሚታደል አንድ ነገር አላሳጡንም፤ ሹመት። ትናንት መደርደሪያ ስትሞላ የነበረችው ልጅ ዛሬ ሱፐርቫይዘር ናት። ባጅ ተሠራላት፣ የኃላፊዎቹ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ገባች፣ ባልደረቦቿም «ሹመት ያዳብር» አሏት። ደመወዟ ግን ጨዋ ነው፤ እንዲህ ባለው ግርግር ከቦታው አይነቃነቅም።

ድሮ ሹመትና ጉልት ተያይዘው ነበር የሚመጡት። ግራዝማች የተባለ ሰው ከማዕረጉ ጋር የሚበላበት ነገር ይጠብቅ ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የተባለውም ለዚሁ ነው። ዘመናዊው ችርቻሮ ይህን ኋላ ቀር ትስስር በጥሶልናል። የዛሬዋ ሱፐርቫይዘር ስትሾምም ስለማትበላ ስትሻር የሚቆጫት ነገር የለም። ከዚህ የበለጠ የመንፈስ ነፃነት ከየት ይመጣል?

የሥራውን ጥበብ በደንብ ለማድነቅ እስክሪብቶ ያስፈልጋል። ረዳት የሽያጭ ሠራተኛዋ 6,800፣ ሱፐርቫይዘሯ 7,500 ብር ደመወዝ አላቸው እንበል። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር ስሌት የረዳቷ ግብር የ6,800ው ብር 20 በመቶ ተሰልቶ 500 ሲቀነስለት 860 ብር ነው። ጡረታ 7 በመቶ፣ 476 ብር። እጇ የሚገባው 5,464። ሱፐርቫይዘሯ 7,000ን ስላለፈች 25 በመቶው እርከን ላይ ናት፤ 850 ሲቀነስላት ግብሯ 1,025፣ ጡረታዋ 525፣ እጇ የሚገባው 5,950። የሹመቱ ፍሬ እንግዲህ 486 ብር ሆነ ማለት ነው። ለ26 የሥራ ቀን ሲካፈል በቀን 18 ብር ከ69 ሳንቲም።

ቢሮው «እኛ ጨምረን ነበር፣ ግብር በላው» ይላል። እውነት ነው፣ ግብርም የራሱን ወስዷል፤ ከ700 ብሩ ጭማሪ ላይ 165 ብር። ጡረታ ደግሞ 49። ከፍ ያለው እርከን የሚነካው ከ7,000 በላይ ያለችውን 500 ብር ብቻ ስለሆነ ግብሩን ከዚህ በላይ ማማት ነውር ነው። ገንዘቡ ከቢሮው ሲወጣም ትንሽ ነበር።

አሁን 18 ብር ከ69 ሳንቲም በቀን ምን ምን እንደሚገዛ እንይ። ረዳቷ ጠዋት 2 ሰዓት ትገባለች፤ ሱፐርቫይዘሯ 1 ተኩል ላይ ቁልፍ ይዛ በር ላይ ናት። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ከነበረ ወተቱና እርጎው ሞቆ እንዳደረ በእጇ ዳሳ ትለያለች፤ ጥበቃው ጄኔሬተሩን ስንት ሰዓት ላይ እንዳስነሳ ትጠይቃለች፣ ጥበቃው «ወዲያው» ይላል። ለየካሸሩ የመልስ ብር ቆጥራ ታስፈርማለች። ከዚያ ዋጋ ወደ መፈተሽ ትሄዳለች፤ ማታ ቢሮ ያለው ሰው ኮምፒውተር ላይ የሳሙናውን ዋጋ ከ85 ወደ 95 ከፍ አድርጎ መደርደሪያው ላይ ያለውን ወረቀት ሳይቀይር ሄዷልና። ይህን ካላየች እኩለ ቀን ላይ አንድ ደንበኛ ካሸሩ ጋር ይጨቃጨቃል፣ ሰልፉ ይቆማል፣ «ኃላፊ ጥሩልኝ» ይባላል። ኃላፊዋ እሷ ናት። ደንበኛውን ይቅርታ ትጠይቃለች፤ አሥሩን ብር ማን እንደሚሸፍነውም መገመት አያቅትም።

ማታ ደግሞ መዝጊያው አለ። የየማሽኑን ዜድ ሪፖርት፣ ማለትም የቀኑን ሽያጭ ድምር፣ ታወጣለች፤ መሳቢያ ውስጥ ካለው ብር ላይ የጠዋቱን የመልስ ብር ትቀንሳለች፤ የካርድ ወረቀቶቹን ትደምራለች፤ የቴሌብሩን ከስልኩ ላይ አንድ በአንድ ታመሳክራለች። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው የሚሰረቅ ብር አይደለም። ካሸሯ በችኮላ በቴሌብር የተከፈለውን ሂሳብ ማሽኑ ላይ «ካሽ» ብላ ትመታዋለች፤ ስለዚህ መሳቢያው ጎደለ ይላል፣ ብሩ ግን ባለቤቱ ሂሳብ ውስጥ በሰላም ገብቶ ተኝቷል። ይህን ለማግኘት የቀኑን ደረሰኝ ከመልእክቶቹ ጋር በሰዓት ማዛመድ ነው። በተጨናነቀ ቀን 45 ደቂቃ ከበቃ ጥሩ ነው።

ጠዋት ግማሽ ሰዓት፣ ማታ 45 ደቂቃ፣ በወር 32 ሰዓት ተኩል። እዚህ ላይ ነው ጥበቡ ከፍ የሚለው። የረዳቷ መደበኛ የሰዓት ዋጋ 6,800 ለወሩ 208 ሰዓት (26 ቀን በ8 ሰዓት) ሲካፈል 32 ብር ከ69 ሳንቲም ይመጣል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የቀን ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል ስለሚባዛ 49 ብር ከ4 ሳንቲም ይሆናል። 32 ሰዓት ተኩሉን ረዳቷ ብትሠራው ኖሮ 1,593 ብር ከምናምን ትጠይቅ ነበር። የሱፐርቫይዘሯ 700 ብር ግን ለዚሁ ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 21 ብር ከ54 ሳንቲም ነው። ከመደበኛው ያነሰ ትርፍ ሰዓት! ሰውን ከፍ ባደረጉት ቁጥር ሰዓቱ የሚረክስበት ዘዴ ተገኝቶ ሳለ እስካሁን ለአግኚው አለመሸለማችን ያሳፍራል።

ረዳቷ በወር 15 ሰዓት ብቻ ትርፍ ብትሠራ 735 ብር ይጨመርላታል። ጡረታው በመደበኛው ደመወዝ ላይ ስለሚቆረጥ አይነካባትም፤ ግብሩ ተነስቶ እጇ የሚገባው 6,025 ይሆናል። አለቃዋን በ75 ብር በለጠች። አንድ የበዓል ቀን ብትገባማ በሁለት ተባዝቶ ለስምንት ሰዓት 523 ብር ከ8 ሳንቲም ታገኛለች፤ የወር ሹመት የሚያህል ገንዘብ በአንድ ፋሲካ። በዚያው ፋሲካ ሱፐርቫይዘሯም ገብታለች። እሷ «በርቺ» ተብላለች።

ለምን? «የሥራ መሪ» ስለሆነች ነዋ። አዋጁ የሥራ መሪዎችን አይመለከትም፤ ትርፍ ሰዓት የሚባል ነገር እነሱን አያውቃቸውም። ሕጉ የሥራ መሪ የሚለው የአመራር ፖሊሲ የሚያወጣና የሚያስፈጽም፣ ወይም ሠራተኛ የሚቀጥር፣ የሚያዛውር፣ የሚያግድ፣ የሚያሰናብት ሥልጣን ያለውን ሰው ነው። የእኛዋ የሥራ መሪ የ20 ብር ውሃ ከደረሰኝ ላይ ለመሰረዝ ማኔጀሩን ስልክ ደውላ ታስፈቅዳለች፤ ስልኩ ካልተነሳ ደንበኛው ይጠብቃል። ፖሊሲ አውጪነቷ የሚታወቀው ደመወዝ መክፈያ ሰነዱ ላይ ብቻ ነው።

ስለ ቆጠራ ደግሞ ካላወሩ የዚህ ሥርዓት ውበት ግማሹ ይቀራል። ወር መጨረሻ ላይ ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ይቆጠራል። አንዱ ባለ ስድስት እሽጉን ውሃ «አንድ» ብሎ ይጽፋል፤ ሌላው የተከፈተውን ካርቶን ሙሉ አድርጎ ያልፈዋል። ይህ ሲደገም ይታረማል። የማይታረመው የብስኩቱ ነው። ደንበኛዋ አምስት ዓይነት ጣዕም ያለው ብስኩት ታነሳለች፣ ዋጋው አንድ ነው። ካሸሯ ሰልፍ ስላለባት አንዱን ባርኮድ አንብባ በአምስት ታበዛለች። ገንዘቡ ልክ ነው፣ ደረሰኙ ልክ ነው፣ ደንበኛዋም ሄደች። መዝገቡ ላይ ግን የቸኮሌቱ አምስት ተሸጧል፤ በእውነት የወጣው አንድ ነው። ስለዚህ ቸኮሌቱ በአራት ይተርፋል፣ እንጆሪው፣ ቫኒላው፣ ሎሚውና ኮኮናቱ አንድ አንድ ይጎድላሉ። የተረፈው አራትና የጎደለው አራት ይጣጣማል ያለ ካለ የሂሳብ ሰው አይደለም። የተረፈው የድርጅቱ ትርፍ ነው፤ የጎደለው የሱፐርቫይዘሯ ዕዳ ነው። በዚህ መንገድ አንድም ብስኩት ሳይሰረቅ አራት ብስኩት ሁለት ጊዜ ይሸጣል። ነጋዴነት ማለት ይህ ነው!

መቼም ሕግ ያውቃሉና ያለ አግባብ አይቆርጡም። አዋጁ ያለ ሕግ፣ ያለ ኅብረት ስምምነት፣ ያለ ሥራ ደንብ፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ያለ ሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ከደመወዝ አትቁረጡ ይላል፤ ሲቆረጥም ከወር ደመወዙ ሲሶ አይበልጥም። የጽሑፍ ስምምነቱ ታዲያ ሹመቱ በተሰጠ ዕለት፣ ጭብጨባው ሳያልቅ፣ «ለሚደርሰው ጉድለት ኃላፊነቱን እወስዳለሁ» ተብሎ ተፈርሟል። ሲሶው 2,500 ብር ነው። 486 ብር ለተጨመረለት ሰው 2,500 ብር ድረስ መቆረጥ መቻል የታማኝነት መለኪያ እንጂ ሌላ ምን ይባላል።

ከካሸርነት ለተሾመችው ደግሞ የተለየ ርኅራኄ አለ። ካሸር ሳለች ለጉድለት ማካካሻ በእጇ 250 ብር ይደርሳት ነበር እንበል። ስትሾም «አሁንማ መሳቢያ አትይዢም» ተብሎ ይነሳላታል። አንድ መሳቢያ አትይዝም፣ ልክ ነው፤ አምስቱንም ትቆጥራለች። ከ486ቱ 236 ቀረ። ለአዲሱ ቦታ ሁለተኛ ዋስ አምጪ ትባላለች፤ ያውም ደመወዙ ከእሷ የሚበልጥ ዋስ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ጋር። ዋሱን መለመን፣ ሻይ መጋበዝ፣ ታክሲ። በየሰዓቱ የመደርደሪያ ፎቶ ለግሩፑ የሚላክበት የኢንተርኔት ጥቅል ከራሷ ነው። ረዳቶቹ የሚለብሱት ቲሸርት ይሰጣቸዋል፤ እሷ ኃላፊ ስለሆነች ነጭ ሸሚዝና ጥቁር ሱሪ ራሷ ታሟላለች።

አንዳንድ ቦታ ጥበቡ ከዚህም ይራቀቃል። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ በድሮው መነሻ ደመወዝ ሰው ማግኘት አልተቻለምና ለአዲስ ተቀጣሪ መነሻው ከፍ ይላል። ነባሩ ግን በዓመት ጭማሪው ይቀጥላል። በ2015 በ5,200 ብር ሱፐርቫይዘር የሆነች፣ በየዓመቱ 300 እየተጨመረላት በሦስት ዓመት 6,100 ትደርሳለች። ዛሬ የተቀጠረው ረዳት በ6,800 ይጀምራል፤ ሥራውን የምታሳየውም እሷ ናት። ደመወዝ ለባልደረባ መናገር ነውር ነው የሚል መመሪያ የሚለጠፈው እንዲህ ባለ ሱቅ ውስጥ ነው። መመሪያውን በግሩፑ ላይ እንድትለጥፍም የምትታዘዘው እሷው ናት።

ባለቤቶቹን ብቻ አመስግኖ መተው ግን ንፉግነት ይሆናል። እኛም የድርሻችንን እየተወጣን ነው። ሹመቱ በተሰማ ሳምንት «ጋብዢን» የማይል ባልደረባ የለም፤ ለስድስት ሰው ምሳ የመጀመሪያውን ወር ልዩነት ጨርሶ ከሁለተኛው ይበደራል። ሰፈር «ልጅቷ ኃላፊ ሆነች» ይባልና ለሠርግ፣ ለተዝካር፣ ለታማሚ መዋጮ ሲሰበሰብ ስሟ ከላይ ይጻፋል። አጎት የስልክ ቀፎ ይጠይቃል፣ የአክስት ልጅ ሥራ አስገቢኝ ይላል፤ ፖሊሲ አውጪ ናትና። እናት ለጎረቤት ስትናገር ደመወዙን አታነሳም፣ ማንም አይጠይቃትምም፤ «ሱፐርቫይዘር» የሚለው ቃል ብቻውን ቡና ያስፈላል። ሹመቱን እምቢ ያለች ሰው ብትኖር «ምን ነካት፣ ዕድሏን ገፋች» የምንላት እኛው ነን። ባለቤቱ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል፤ 700 ብሩን 1,500 የሚያደርግበት ምክንያት አይታየውም። ቀሪውን እኛ በእልልታ እንከፍልለታለን።

በዚህ ላይ አዲስ ግኝት መጥቷል። ሱፐርቫይዘሮች ሲበዙና ማጉረምረም ሲጀምሩ ከመካከላቸው አንዷ «ሲኒየር ሱፐርቫይዘር» ትባላለች። ጭማሪው 150 ብር ነው፤ ግብር 37 ብር ከ50፣ ጡረታ 10 ብር ከ50 ወስደው 102 ብር እጇ ይገባል። በምትኩ የጄኔሬተሩን ቁልፍ፣ የመጋዘኑን ቁልፍና የሌሎቹን ሱፐርቫይዘሮች ጉድለት ትረከባለች። ባጇም ይቀየራል። አዲሱ ባጅ ቢጠፋ መተኪያው 150 ብር ነው።