ኦቨርሄድ ከሌላ ሰው ፕሮፎርማ አይገለበጥም

በአዲስ አበባ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ፣ የቧንቧ፣ የሴራሚክና የቀለም ሥራ የሚሠሩ አነስተኛ ተቋራጮች ዋጋ ሲያቀርቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚከተሉት መንገድ ተመሳሳይ ነው፦ የዕቃውን ዋጋ ከሱቅ ይጠይቃሉ፣ የሠራተኛውን ክፍያ ይገምታሉ፣ ከዚያም «ኦቨርሄድና ትርፍ» በሚለው መስመር ላይ 20 ወይም 25 በመቶ ይጨምራሉ። መቶኛው ከየት እንደመጣ ሲጠየቁ መልሳቸው «ሁሉም የሚያስበው እንደዚህ ነው» የሚል ነው። የእነዚህን ተቋራጮች የሒሳብ መዝገብ ስሠራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ ጥሩ እጅ ያላቸውና ሥራ የማይጠፋቸው ባለሙያዎች ዓመቱን በዕዳ የሚዘጉት በዋነኝነት በዚህ ከሌላ ሰው በተገለበጠ ቁጥር ምክንያት እንደሆነ አምናለሁ።

ኦቨርሄድ ማለት ሥራ ኖረም አልኖረም የሚከፈል ወጪ ነው። ለምሳሌ አራት ቋሚ ሠራተኞች ያሉትን አንድ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ተቋራጭ እንውሰድ። የዕቃ ማስቀመጫው ኪራይ በዓመት 180,000 ብር፣ ነዳጅና ትራንስፖርት 180,000፣ የሒሳብ ባለሙያ 72,000፣ ስልክና ኢንተርኔት 36,000፣ የመሣሪያ ጥገናና መተኪያ 120,000፣ የዕቃ ጠባቂ ደመወዝ 100,000፣ የፈቃድ እድሳትና ልዩ ልዩ 32,000 ብር ይሁን። በዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘሉት የባለቤቱ ደመወዝ አለ፤ በወር 40,000 ብር ቢባል በዓመት 480,000 ይሆናል። ባለቤቱ ሥራ የሚለካው፣ ከደንበኛ ጋር የሚደራደረውና ዕቃ የሚያፈላልገው እሱ ራሱ ሆኖ ሳለ ለዚህ ድካሙ ክፍያ ካልያዘ፣ ትርፍ የሚለው ገንዘብ ያልተከፈለው ደመወዙ ነው። ድምሩ 1,200,000 ብር ይመጣል።

ይህ ገንዘብ የሚመለሰው ሠራተኞቹ በትክክል ሥራ ላይ በዋሉባቸው ቀናት ብቻ ስለሆነ፣ ከባዱ ጥያቄ ቀኖቹ ስንት ናቸው የሚለው ነው። እሑዶችንና የሕዝብ በዓላትን ስናነሳ ከዓመቱ ወደ 300 ቀን ይቀራል። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ መሠረት ሠራተኛው በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለው። ከዚያ በኋላ ክረምት አለ፤ ልስኑ እስኪደርቅ የሚጠበቅበት፣ ዕቃ ከገበያ የሚጠፋበት፣ ግንበኛው ሳይጨርስ ኤሌክትሪሽያኑ ቆሞ የሚውልበት፣ የቤቱ ባለቤት «ገንዘብ እስካገኝ» ብሎ የሚያቆምበት ጊዜም አለ። በእንዲህ ያለ ምክንያት 64 ቀን ቢባክን ለአንድ ሰው የሚቀረው 220 ቀን፣ ለአራቱ 880 ቀን ነው። 1,200,000 ለ880 ሲካፈል በአንድ የሰው ቀን፣ ማለትም አንድ ሠራተኛ በሚሠራበት አንድ ቀን፣ 1,364 ብር ገደማ ይደርሳል። ተቋራጩ 300 ቀን ይሠራል ብሎ 1,000 ብር ቢያስከፍል ግን፣ ሥራው በሙሉ ቢሳካለት እንኳ ዓመቱን 320,000 ብር ጎድሎት ይጨርሳል።

የሠራተኛው ክፍያም በዚሁ ዓይን መታየት አለበት። በወር 18,000 ብር የሚከፈለው ሰው ለ26 ቀን ሲካፈል በቀን 692 ብር የሚያወጣ ይመስላል። አሠሪው የሚከፍለው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ተጨምሮ የዓመቱ ክፍያ ለ220 ቀን ሲካፈል ግን በቀን 1,090 ብር ነው። እንግዲህ አንድ ሰው አንድ ቀን ሲሠራ፣ ትርፍ ሳይጨመር፣ ለድርጅቱ 2,454 ብር ያስወጣዋል ማለት ነው።

መቶኛው ክፉኛ የሚጎዳው የእጅ ዋጋ ብቻ በሚከፈልበት ሥራ ላይ ነው። የቤቱ ባለቤት ገመዱንም ሶኬቱንም ራሱ ገዝቶ አራቱ ሠራተኞች 20 ቀን ቢሠሩ የሠራተኛው ወጪ 87,200 ብር ነው፤ በዚህ ላይ 15 በመቶ ለኦቨርሄድ ብንይዝ 13,080 ብር እናገኛለን። ሥራው የወሰደው ኦቨርሄድ ግን 80 የሰው ቀን በ1,364 ተባዝቶ 109,120 ብር ነው። ውድ ዕቃ ያለበት ሥራ ላይ ደግሞ ያው መቶኛ ዋጋውን ከሚገባው በላይ ሰቅሎ ተቋራጩን ከውድድር ያስወጣዋል። ስለዚህ ኦቨርሄድ በዋናነት በሰው ቀን እንጂ በዕቃ ዋጋ ላይ ባይታሰብ እመርጣለሁ።

ትርፍ ሲታሰብም ወጪ ላይ መጨመርና ከዋጋ ላይ መያዝ ይምታታሉ። 2,454 ብር ላይ 15 በመቶ የጨመረ ሰው ከዋጋው የሚያገኘው 13 በመቶ ብቻ ነው፤ ከዋጋው 15 በመቶ የሚፈልግ ከሆነ 2,454ን ለ0.85 አካፍሎ 2,887 ብር መጠየቅ አለበት። ከደንበኛ የሚሰበሰበው 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ የመንግሥት ገንዘብ ስለሆነ በዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም። በውሉ መሠረት 5 በመቶ ሪቴንሽን (ደንበኛው ለሥራው ጥራት ዋስትና ከክፍያው ላይ የሚያቆየው ገንዘብ) ለዓመት የሚያዝ ከሆነ ደግሞ፣ 10 በመቶ ለማትረፍ ያሰበ ተቋራጭ የትርፉን ግማሽ ለዓመት አያየውም።

«በዚህ ዋጋ ሥራ አላገኝም» የሚለው ስጋት ተገቢ ነው፤ ዝቅተኛ ዋጋ የሰጠ በሚያሸንፍበት ገበያ ውስጥ እንደምንሠራም አውቃለሁ። ነገር ግን ከወጪ በታች የተወሰደ ሥራ የሚያልቀው በሚቀጥለው ደንበኛ ቅድሚያ ክፍያ ነው፤ የዚያም ደንበኛ ሥራ በተራው ሌላ ቅድሚያ ክፍያ ይፈልጋል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት ዋጋ ቆርጠው ዕቃ ያልገዙ፣ የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽም ሆነ የፕሮፎርማ ማብቂያ ቀን ያልጻፉ ተቋራጮች ልዩነቱን ከኪሳቸው ከፈሉ። ማብቂያው ለምሳሌ 10 ቀን ተብሎ ቢጻፍ የሚያስቀይመው ደንበኛ ጥቂት ነው። ደንበኛው ቅናሽ ከጠየቀም የሚቀነሰው የሥራው መጠን ወይም የዕቃው ዓይነት ይሁን፤ የሰው ቀን ዋጋው ላይ ከተነካ ዕዳው የሚገባው ከዚያ ነው።