ማሊያ የገዛ አይቀየርም

የጤና ቡድናችን አጥቂ ዛሬ ጠዋትም እጁን ዘረጋ።

ኳሷ እግሩ ሥር ደርሳለት ነበር። ጥሩ ኳስ ነበረች፤ ያቀበልኩት እኔ ነኝና አውቃለሁ። በሁለት እግሩ መሃል ሾልካ ወጣች። እሱ ኳሷን ዞሮ አላየም። ወደ እኔ ነው የዞረው። ሁለት እጁን ዘርግቶ "ይሄ ምንድን ነው?" በሚል ዓይን አፈጠጠብኝ። ይባስ ብሎ ከኋላ አንዱ "አይዞህ፣ ጥሩ ሙከራ ነው!" አለ። ለእኔ መስሏችሁ ነው? ለእሱ ነው።

ይህን እጅ ዲኤስቲቪ ቤት ቁጭ ብሎ ነው የተማረው። እዚያ የሚያያቸው አጥቂዎች እጃቸውን ቢዘረጉም ጎል ያገባሉ። የኛው ጎሉን ትቶ እጁን ብቻ ወሰደ። አሁንማ እዚህ ድሬዳዋ፣ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ በባዶ እግራቸው የሚጫወቱ ሕፃናት እንኳ ይዘረጉ ጀምረዋል።

ዝም የምንለው ለምን መሰላችሁ? ማሊያውን የገዛው እሱ ነው። ለሙሉ ቡድን፣ ከነካልሲው። 10 ቁጥርን ማን እንደለበሰ አትጠይቁኝ። ያረፈደ ሰው መቀጫ ይከፍላል፤ እሱ ሲያረፍድ ግን "ሥራ ይዞት ነው" ይባላል። የድሬ ፀሐይ ደግሞ ሰው አትጠብቅም፤ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ አናት መብሳት ትጀምራለች። ቢሆንም ባለማሊያው ሲደርስ ጨዋታው ከዜሮ ለዜሮ እንደገና ይጀመራል።

ንዴታችንን የምንወጣው በረኛው ላይ ነው። በረኛችን ልጅ እግር ነው። ኳሱን የሚነፋው እሱ፣ መረቡን የሚያስረው እሱ፣ የሚፈታውም እሱ። አጥቂው ባዶ ጎል ሲስት ሜዳው ጭጭ ይላል። በረኛው አንዲት ስትገባበት ግን ሁሉም አሠልጣኝ ነው።

"አህያውን ፈርቶ ዳውላውን" የሚባለው ይሄ ነው። ይህን ተረት ከልቤ እወደዋለሁ። ስለ ቡድን በተወራ ቁጥር ሰው የሚመዘው "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር"ን ነው። በስብሰባም፣ በዕድርም፣ በሰርግም ያው እሱ ነው፤ አንበሳውም ሳይሰለቸው አልቀረም። ድሩ ሲያብር የትኛው ክር ከላይ፣ የትኛው ከሥር እንደሚሆን ግን ማንም አይነግርህም። የአህያው ተረት እቅጩን ይናገራል። ሰርግ ላይ ወጡ ጨው ሲበዛበት ያዘዘችው አክስት ትነካለች? በፍጹም። ሽንኩርት የከተፈችው ልጅ ናት የምትወቀሰው። ቢሮ ውስጥ አለቃው ያበላሸው ደብዳቤ የጸሐፊዋ ጥፋት ነው። ዳውላ ሞልቷል፤ አህያውን የሚደፍር ነው የጠፋው።

ድሬ ላይ አንቱታ እንደማናበዛ የታወቀ ነው። ሀብታሙንም ሊስትሮውንም "አቦ፣ አንተ!" ነው የምንለው። እንግዳ ይደነግጣል፣ እኛ እንኮራለን። ግን እኩል መጠራት ሌላ፣ እኩል መከበር ሌላ። ባለማሊያውም በረኛውም "አንተ" ናቸው። አንዱ "አንተ፣ ና ቁርስ እንብላ" ይባላል። ሌላው "አንተ፣ ሂድ ኳሷን አምጣ"።

መከባበር ከተነሳ ደግሞ የታኬታዬ ጉዳይ አለ። ድሮ ለግጥሚያ ሐረር ሄደን አንዱ ጓደኛችን ታኬታውን ረስቶ መጣ። አሠልጣኙ "ለቡድኑ ስትል አውልቅና ስጠው" አለኝ። ሰጠሁ። ነጠላ ጫማ አድርጌ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ልጁ አገባ። ተሸከሙት። በደንገጎ ጠመዝማዛ ቁልቁል እየወረድን ሚኒባሱ እስከ ድሬ የእሱን ስም ዘፈነ። ታኬታው ከስንት ጊዜ በኋላ ሶሉ አፉን ከፍቶ ተመለሰ። ምስጋና የለ፣ ይቅርታ የለ። ጎሉን ያገባው የእሱ እግር ነው ወይስ የእኔ ታኬታ? እስከ ዛሬ እከራከራለሁ።

ከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር ሻይ የሚጠጡ ሽማግሌዎች ስለ ኮተን ሲያወሩ ያናድደኛል፤ ወሬው ስለሚያልቅ። የጥጥ ፋብሪካው ክለብ ደጋግሞ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን የሆነ ነው። ሉቻኖ ቫሳሎም ማሊያውን ለብሷል። በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ አዲስ አበባ ላይ ግብፅ ኢትዮጵያን 2 ለ 1 ስትመራ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር አቻ ያደረገው አምበሉ ሉቻኖ ነው። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አከሉበት፤ 4 ለ 2። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለውም ሉቻኖ ነው። አምበልነት በማሊያ ግዢ ቢሆን ኖሮ ዋንጫው ካይሮ በገባ ነበር። ይህን ለባለማሊያችን አጫወትኩት። የጠየቀኝ ሉቻኖ ስንት ቁጥር ይለብስ እንደነበር ብቻ ነው።

ብቻ ዛሬ ከጨዋታ በኋላ ሐሳብ አቀረብኩ። ጓደኛው ላይ እጁን የዘረጋ ሰው መቀጫ ይክፈል አልኩ። ስም አልጠራሁም። ባለማሊያው ከሁሉ ቀድሞ ደገፈ። "ትክክል! ይሄ ነገር ቡድናችንን እየገደለው ነው" አለና በረኛውን ገላመጠው። "እሱ እጅ መዘርጋት ሥራው ነው እኮ" ብል ማን ሰምቶኝ። ከዚያ ገንዘብ ያዥ ያስፈልጋል ተባለ።

በሙሉ ድምፅ ባለማሊያውን መረጥነው።