ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ጥገና አይደለም

ባለፈው ሳምንት በአንድ የኤፍኤም ጣቢያ የመኪና ፕሮግራም ላይ አንድ አድማጭ ደውሎ የቆየ ኮሮላው እየሞቀ እንዳስቸገረው ተናገረ። የተጋበዘው ባለሙያ መልስ አጭር ነበር፦ «ቴርሞስታቱን አስወጣው። እሱ የተሠራው ለብርድ አገር ነው፤ ለእኛ አያስፈልግም።» ቴርሞስታት የሞተሩ ውሃ ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ፣ ማለትም ወደ ማቀዝቀዣው፣ የሚወስደውን መንገድ የሚከፍት ትንሽ ዕቃ ነው። መኪናው የሚሞቀው መቼ እንደሆነ፣ ውሃ ይቀንስ እንደሆነ፣ ፋኑ ይነሳ እንደሆነ የጠየቀ የለም። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ በእጃችን ያለው አሮጌ መኪና ምትኩ እየራቀ ነው። በዚህ ወቅት እንዲህ ያለውን ምክር በአየር ላይ መልቀቅ የሰውን ሞተር ማስበላት ነው።

«ለብርድ አገር ነው» የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ አይገባኝም። በሪያድና በዱባይ በ45 ዲግሪ ሙቀት የሚነዱት ላንድክሩዘሮች ቴርሞስታት አላቸው። ቴርሞስታት የሚለካው የሞተሩን ውሃ እንጂ የአገሩን አየር አይደለም። ሞተሩ ቶሎ ሞቆ 82 ዲግሪ አካባቢ እንዲረጋ ያደርጋል። እሱ ከወጣ ኢንጀክሽን ያለው (ቤንዚኑን በኮምፒውተር የሚመጥን) መኪና ሞተሩ ገና እንዳልሞቀ ቆጥሮ ቤንዚን ይጨምራል፤ ትርፉ ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት አጥቦ ይወርዳል፤ ዘይቱ ይቀጥናል፤ የፒስተኑ ቀለበት (ፋሻው) ያለጊዜው ይበላል። ባለቤቱ ግን የሙቀት መለኪያው ቀስት ታች መውረዱን አይቶ መኪናዬ ዳነ ይላል።

ይባስ ብሎ በብዙ የቶዮታ ሞተሮች፣ ለምሳሌ በላንድክሩዘሩ 1ኤችዜድ ላይ፣ ቴርሞስታቱ ሁለተኛ ሥራ አለው። ሲከፈት ከኋላው ያለችው ሳህን ውሃው ራዲያተር ሳይነካ ወደ ሞተር የሚመለስበትን አቋራጭ ትዘጋለች። ቴርሞስታቱን ካወጣችሁት አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ከትኩሱ ውሃ ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ይመለሳል። ከተማ ውስጥ ቀዝቅዞ የዋለው መኪና ከዓባይ በረሃ ወደ ጎሐ ጽዮን ሲወጣ የሚፈላው አንዱ ምክንያቱ ይህ ነው። ከዚያ ደግሞ «የውሃ ፖምፑ ደክሟል» ይባላል።

ማንም የማይነካው ክፍል የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ርካሽ ስለሆነ ይሆናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ይህን የሚያስተካክለው የክዳኑ ግፊት ነው። በብዙ የጃፓን መኪኖች ክዳን ላይ 0.9 ተጽፎ ታያላችሁ፤ ያ ግፊት ከተያዘ ውሃው እዚሁ ከተማችን ውስጥ ከ110 ዲግሪ በላይም ሳይፈላ ይቆያል። ላስቲኩ የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ግን ወደ 92 ይመልሳችኋል። አሁን ፋኑን ጨምሩበት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ የተሠሩት በፊት ጎማ የሚነዱ ኮሮላዎች የፋን ስዊች የሚያስነሳው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ክዳኑ ከሞተ ውሃው ፋኑ ሳይነሳ ይፈላል ማለት ነው! ጋራዡ ይህን ያይና ፋኑን ዳይሬክት (ያለ ስዊች ሁልጊዜ የሚዞር) ያደርገዋል፤ መፍላቱ አልቆም ሲል ቴርሞስታቱን ያወጣል፤ በመጨረሻ ቴስታታ፣ ማለትም የሲሊንደሮቹን የላይኛ መክደኛ፣ ያነሳል። የዚህ ሁሉ መነሻ የደረቀ ላስቲክ ነበር።

ቴርሞስታቱን በድስት ቀቅለው የሚፈርዱበትም ይኸው ከፍታ ያሳስታቸዋል። 82 የተጻፈበት ቴርሞስታት መከፈት የሚጀምረው ከ80 እስከ 84 ዲግሪ ሲሆን፣ 8 ሚሊ ሜትር ያህል የሚከፈተው 95 ላይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ክፍት ድስት 95 አይደርስም። «ግማሽ ብቻ ተከፈተ፣ ሞቷል» ተብሎ ስንቱ ደህና ዕቃ ተጥሏል! በክር አንጠልጥሉት፣ የድስቱን ግርጌ አያስነኩት፣ በቴርሞሜትር መከፈት የሚጀምርበትን ብቻ ፈትሹ። ጨርሶ ካልተከፈተ በእርግጥ ሞቷል፤ መፍትሔው ግን ያው ቁጥር ያለው አዲስ ነው። መንገድ ላይ ተዘግቶ ሲያስቸግር አውጥቶ እስከ ጋራዥ መድረስ ይቻላል፤ ከዚያ ያለፈ ፈቃድ የለም።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ መኪናው የት ይሞቃል የሚለው ነው። ቆሞ ወይም መንገድ ሲዘጋጋ ሞቆ ሲነዳ የሚበርድ ከሆነ ጥርጣሬው ፋኑ ላይ ነው። በእነዚያ ኮሮላዎች ቁልፉን ከፍታችሁ የስዊቹን ሽቦ ንቀሉ፤ ፋኑ ወዲያው መዞር አለበት። ከዞረ ሞተሩና ሽቦው ደህና ናቸው፤ የሚቀረው ስዊቹ ነው። ካልዞረ ፊውዝና ሪሌ እዩ። ዳገት ላይና በፍጥነት የሚሞቅ ከሆነ ግን ውሃው አይዘዋወርም ወይም ራዲያተሩ ተደፍኗል። ሞተሩ ሲሞቅ አጥፉትና የራዲያተሩን ገጽ በእጅ ዳስሱ፤ ዙሪያው እየተኮሰ አንድ ቦታ ቀዝቃዛ ከሆነ እዚያ ያሉት ቱቦዎች ዝገትና ደለል ይዘዋል። ይህም ዓመቱን ሙሉ የቧንቧ ውሃ የመሙላት ውጤት ነው፤ ኩላንት ከበረዶ በላይ ዝገት እንደሚከላከል የሚነግር ጋራዥ ጥቂት ነው። ውሃ እየቀነሰ መሬት ላይ ካልታየ ከፖምፑ ሥር ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ እዩ፤ የደረቀ ነጭ ወይም ቡኒ ፈሳሽ ምልክት ካለ የፖምፑ ማሸጊያ (ሲል) አልቋል።

«ቴስታታ ይነሳ» ሲባሉ ደግሞ ማስረጃ ይጠይቁ። ሞተሩ አድሮ በቀዘቀዘበት ጠዋት ክዳኑን ከፍቶ (ትኩስ ሲሆን በፍጹም አይከፈትም) ውሃውን እስከ አፉ ሞልቶ ማስነሳት ነው። በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሳለ ያለማቋረጥ አረፋ ከወጣ፣ ወይም ክዳኑ ተዘግቶ ገና ሳይሞቅ በደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቱቦ ድንጋይ ከሆነ፣ ጋዝ ከሲሊንደር እየገባ ነው፤ ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ (ጓርኒሲዮኑ) ተበልቷል። መጀመሪያ ላይ ጥቂት አረፋ ወጥቶ ከቆመ ግን የታፈነ አየር ብቻ ነው። በዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ወተት የመሰለ ዘይትም ፈልጉ። ከእነዚህ አንዱም ሳይታይ፣ ክዳኑም በግፊት መሞከሪያ ሳይፈተሽ፣ ቴስታታ ይፈታ ብሎ የሚፈርድ ጋራዥ በደንበኛው ገንዘብ እየገመተ ነው፤ መኪናውን ይዞ መውጣት መብታችሁ ነው።